ከፊል ተሳቢዎች፦ ዓይነታቸው፣ አሠራራቸውና በጭነት ትራንስፖርት ደኅንነት ላይ ያላቸው ድርሻ

ከሀገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ወደቦች በኩል ይስተናገዳል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ መደበኛ የንግድ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የጭነቱን የተወሰነ ድርሻ የወሰደ ቢሆንም፣ አብዛኛው ጭነት ዛሬም የሚጓጓዘው በጋላፊ፣ በሰመራ፣ በሚሌና በአዋሽ በኩል በሚያልፈው የመኪና መንገድ ነው። ማዳበሪያው ከዘር ወቅት በፊት አርሶ አደሩ ዘንድ መድረሱ፣ መድኃኒቱ በሆስፒታል መጋዘን መገኘቱ፣ ነዳጁ ከማደያ አለመጥፋቱ በዚህ መንገድ ላይ በሚመላለሱ ከባድ ተሽከርካሪዎች ብቃት ላይ የተመሠረተ ነው።

በዚህ አገልግሎት ውስጥ ስለ ሞተሩና ስለ ጎታቹ ብዙ የሚባል ሲሆን፣ ጭነቱን በትክክል የሚሸከመው ከኋላ ያለው አካል ግን ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ይቀራል። የጉዞው ደኅንነት፣ የመንገዱ ዕድሜና የማጓጓዣው ዋጋ ግን በአመዛኙ የሚወሰኑት በዚሁ አካል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የከፊል ተሳቢዎችን ምንነት፣ ዋና ዋና ዓይነቶችና የቴክኖሎጂ አሠራር በማብራራት ባለንብረቶች፣ አሽከርካሪዎችና ጭነት አስጫኞች ተገቢውን ምርጫና ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ማገዝ ነው።

ከፊል ተሳቢ ምንድን ነው?

በተለምዶ ተሳቢ ተብሎ የሚጠራው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል። የመጀመሪያው ሙሉ ተሳቢ ሲሆን፣ ከፊትም ከኋላም የራሱ አክስሎች ያሉት፣ ክብደቱን በሙሉ በራሱ ጎማዎች የሚሸከምና ራሱ ጭነት በያዘ መኪና በመሳቢያ ዘንግ የሚጎተት ነው። ሁለተኛው በሥራው ዓለም ሴሚ ትሬይለር የሚባለው ከፊል ተሳቢ ነው። ይህኛው ከፊቱ አክስል የለውም፤ አክስሎቹ ያሉት ከኋላ ብቻ ሲሆን የፊተኛው ጫፉ በጎታች መኪናው ጀርባ ላይ ይቀመጣል። ከክብደቱ ከፊሉን ጎታቹ ስለሚሸከምለት ስያሜውንም ያገኘው ከዚሁ ነው።

ልዩነቱ የቅርጽ ብቻ አይደለም። ሙሉ ተሳቢ የሚጎትት መኪና በሁለት ቦታ የሚታጠፍ በመሆኑ ወደ ኋላ ለመንዳት አስቸጋሪ ነው፤ በፍጥነት ጊዜም የኋለኛው ተሳቢ ወደ ግራና ቀኝ የመወዛወዝ ጠባይ አለው። ከፊል ተሳቢ የሚታጠፈው በአንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ለቁጥጥር ይቀላል። ርዝመቱ 12.192 ሜትር የሆነውን ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ሳይከፋፈል በአንድ ወለል ላይ ሊሸከም የሚችለውም ከፊል ተሳቢ ነው። ሌላው ትልቁ ጥቅሙ መለያየት መቻሉ ነው። ጎታቹ አንዱን ተሳቢ ለማራገፍ ትቶ ሌላ የተጫነ ተሳቢ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ውድ የሆነው ጎታች በመጋዘን በር ላይ ቆሞ ከሚውል ይልቅ መንገድ ላይ እንዲውል ማድረግ የምልልስ ጊዜን ያሳጥራል፤ የማጓጓዣ ዋጋንም ይቀንሳል።

የአመጣጡ ታሪክ በአጭሩ

እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ ይኖር የነበረ ኦገስት ፍሩሃውፍ የተባለ ጋሪ ሠሪና አንጥረኛ፣ አንድ የእንጨት ነጋዴ ጀልባውን በፎርድ መኪና ለመጎተት የሚያስችል ነገር እንዲሠራለት በጠየቀው ጊዜ ከመኪናው ጀርባ ላይ የሚያርፍ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ሠራለት። ነጋዴው በአሠራሩ ስለረካ ለእንጨት ማመላለሻ የሚሆን ተመሳሳይ ተሳቢ አዘዘ፤ ሥራው ከዚያ ተነሥቶ ወደ ትልቅ ኢንዱስትሪ አደገ።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1956 ነው። ማልኮም ማክሊን የተባለው የጭነት መኪና ባለንብረት የተሳቢዎችን አካል ከጎማቸው ለይቶ 58ቱን አይዲያል ኤክስ በተባለች መርከብ ላይ በመጫን ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። የኮንቴይነር ትራንስፖርት ዘመን የተጀመረው በዚህ ጉዞ ነው። ዛሬ በጅቡቲ ከመርከብ ወርዶ ሳይከፈት ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚገባው ኮንቴይነር የዚያ ሐሳብ ውጤት ነው።

ጎታቹና ተሳቢው የሚያያዙበት ቦታ

በጎታቹ ጀርባ ላይ የሚገኘው ክብ የብረት መቀመጫ አምስተኛ ጎማ ወይም ፊፍዝ ዊል ይባላል። ስያሜው የመጣው በፈረስ ሠረገላ ዘመን የፊት አክስሉን ለማዞር ይጠቅም ከነበረ አግድም ቀለበት ነው። ከተሳቢው ፊት በታች በኩል ደግሞ ኪንግ ፒን የተባለ ጠንካራ የብረት ምሰሶ ይገኛል። በብዛት የሚሠራበት ኪንግ ፒን የውፍረት መጠኑ 2 ኢንች ማለትም 50.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለተለየ ከባድ ጭነት የሚያገለግለው 3.5 ኢንች ነው። ጎታቹ ወደ ኋላ ሲጠጋ ምሰሶው በመቀመጫው መንጋጋ ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። አርባ ቶንና ከዚያ በላይ የሚመዝን ነገር በቁልቁለትና በመታጠፊያ የሚያያዘው በዚህች ክንድ በማታህል ብረት ብቻ ነው።

በመሆኑም በአያያዝ ጊዜ የሚፈጠር ስሕተት ይቅር የማይባል ነው። ተሳቢው ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ከቆመ ምሰሶው በመንጋጋው ውስጥ ሳይሆን ከላዩ ሊያርፍ ይችላል፤ ከውጭ ሲታይ ግን የተያያዘ ይመስላል። እንዲህ ያለው ተሳቢ በመጀመሪያው ጉድጓድ ወይም መታጠፊያ ላይ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከማያያዝ በኋላ በተሳቢውና በመቀመጫው መካከል ክፍተት አለመኖሩን ጎንበስ ብሎ በመብራት ማየት፣ መንጋጋው መዘጋቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያም የተሳቢው ፍሬን እንደተያዘ ጎታቹን ቀስ ብሎ ወደ ፊት በመሳብ መፈተን የግድ ነው። መደገፊያ እግሮቹ የሚነሡትም ከዚህ ፈተና በኋላ ነው። ሲለያይ ደግሞ እግሮቹ የሚያርፉበት መሬት ጠንካራ መሆኑ መታየት አለበት፤ በዝናብ የራሰ መሬት የተጫነ ተሳቢን ሊያሰምጥና ሊጥል ይችላል።

ዋና ዋና ዓይነቶች

ጠፍጣፋና ባለ ስፖንዳ ከፊል ተሳቢ በሀገራችን በስፋት የሚታወቅ ነው። በከረጢት የሚመጣ ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ስኳር፣ ብረታ ብረትና የግንባታ ዕቃ ይጫንበታል። የመጫን አቅሙ በኩንታል የሚነገር ሲሆን፣ 400 ኩንታል ማለት 40 ቶን ነው። በዚህ ዓይነት ተሳቢ ላይ ዋናው ጥንቃቄ የጭነቱ አስተሳሰርና የሸራው አለባበስ ነው። ሸራ ዝናብንና አቧራን ይከላከላል እንጂ ጭነትን አያስርም። በአውሮፓ በብዛት የሚሠራበት ባለ መጋረጃ ተሳቢ ደግሞ ጎኑ በሙሉ ስለሚከፈት በፎርክሊፍት ለመጫንና ለማራገፍ ያመቻል።

የኮንቴይነር ተሳቢ ወለል የሌለው፣ ሻንሲና መቆለፊያ ብቻ ያለው ነው። የኮንቴይነሩ አራት ማዕዘኖች ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ትዊስት ሎክ በሚባሉ የሚሽከረከሩ ቁልፎች ይያዛሉ። አራቱም ቁልፎች ሳይዞሩ መንቀሳቀስ ኮንቴይነሩ በመታጠፊያ ላይ ከተሳቢው እንዲወድቅ ምክንያት ይሆናል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ከነጭነቱ እስከ 30,480 ኪሎ ግራም ሊመዝን የሚችል በመሆኑ፣ ሁለት ሙሉ ኮንቴይነሮች ርዝመታቸው በአንድ ተሳቢ ላይ ቢበቃም ክብደታቸው ግን ላይፈቅድ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ሶላስ በተባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት መሠረት ማንኛውም የተጫነ ኮንቴይነር መርከብ ላይ ከመውጣቱ በፊት ክብደቱ ተረጋግጦ መመዝገብ አለበት። ይህ መረጃ ለመኪና ጉዞውም ዕቅድ የሚጠቅም ስለሆነ አስጫኞች ሊጠይቁትና ሊጠቀሙበት ይገባል።

ቦቴ የፈሳሽ ጭነት ማጓጓዣ ነው። ታንከሩ በውስጡ በክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በየክፍሉም ቀዳዳ ያላቸው ማዕበል ሰባሪ ግድግዳዎች ይገኛሉ። በግማሽ የተሞላ ታንከር ፍሬን ሲያዝ ፈሳሹ ወደ ፊት ተወርውሮ መኪናውን ይገፋል፤ በመታጠፊያ ላይ ደግሞ ወደ ውጭ አዘንብሎ ይገለብጣል። ግድግዳዎቹ የተሠሩት ይህንን ኃይል ለመስበር ነው። ነዳጅ በሚራገፍበት ጊዜ ታንከሩን ከመሬት ጋር በሽቦ ማገናኘት የሚያስፈልገውም በፈሳሹ ፍሰት የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ብልጭታ እሳት እንዳያስነሣ ነው።

በቦቴ ረገድ ብዙ ጊዜ ክርክር የሚያስነሣው የመጠን መቀነስ ነው። ናፍጣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ የሙቀት ለውጥ መጠኑ በግምት በ0.083 በመቶ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በጅቡቲ ሙቀት በ38 ዲግሪ የተጫነ 45,000 ሊትር ናፍጣ በደጋው አካባቢ በ18 ዲግሪ ቢራገፍ፣ አንዲት ጠብታ ሳትፈስ ከ700 ሊትር በላይ ቀንሶ ይታያል። ቤንዚን ከዚህም በላይ ይለዋወጣል። ስለዚህ የነዳጅ ርክክብ በሊትር ብቻ ሳይሆን ከሙቀት መጠን ጋር ተስተካክሎ መሠራቱ ለባለንብረቱም ለአሽከርካሪውም ፍትሐዊ ነው።

የዱቄት ጭነት ተሳቢ ሲሚንቶን ያለ ከረጢት የሚያጓጉዝ፣ በተጨመቀ አየር እየተገፋ ወደ ማጠራቀሚያ የሚያራግፍ ዝግ ታንከር ነው። ገልባጭ ከፊል ተሳቢ ደግሞ ለድንጋይ፣ ለአሸዋ፣ ለድንጋይ ከሰልና ለመሳሰለው ያገለግላል። የገልባጩ አካል በሚነሣበት ጊዜ ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ባልተስተካከለ መሬት ላይ ወይም ጎታቹና ተሳቢው ቀጥ ብለው ሳይቆሙ ማንሣት ለመገልበጥ አደጋ ያጋልጣል። ከማንሣት በፊት ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩን ማየትም አይዘነጋም።

ሎቤድ ወለሉ ወደ መሬት ዝቅ ያለ ሲሆን ዶዘር፣ ኤክስካቫተር፣ ትራንስፎርመርና ትልልቅ የፋብሪካ ማሽኖችን ያጓጉዛል። የአንዳንዶቹ አንገት ስለሚለያይ ማሽኑ ከፊት በኩል በራሱ ወደ ተሳቢው መውጣት ይችላል። ከመደበኛው ስፋትና ከፍታ በላይ የሆነ ጭነት በቅድሚያ ፈቃድ፣ የመንገድ ቅኝትና አጃቢ ይፈልጋል፤ ከጉዞው በፊት በመንገዱ ላይ ያለው ዝቅተኛው ድልድይና የኤሌክትሪክ መስመር ከፍታ መታወቅ አለበት።

ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ ለአበባ፣ ለሥጋ፣ ለወተት፣ ለአትክልትና ፍራፍሬ እንዲሁም ለመድኃኒት ያገለግላል። የተቆረጠ አበባ ከእርሻ እስከ ገበያ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት ይኖርበታል። እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው የተሳቢው ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘውን ለማቆየት የተሠራ እንጂ ትኩስ ምርትን ለማቀዝቀዝ የተሠራ አለመሆኑ ነው። ምርቱ በእርሻው ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ አስቀድሞ ካልቀዘቀዘ፣ ወይም ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያ ተጠቅጥቀው የአየር መተላለፊያ ካጡ፣ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራም ምርቱ ተበላሽቶ ይደርሳል።

ክብደት፣ አክስልና መንገድ

የመንገድ ጉዳት የሚወሰነው በተሽከርካሪው ጠቅላላ ክብደት ሳይሆን እያንዳንዱ አክስል በሚያሳርፈው ክብደት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ኦታዋ አቅራቢያ የተካሄደው አሾ የተባለው የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ የመንገድ ጉዳት ከአክስል ክብደት አራተኛ ርቢ ጋር በተቀራረበ መጠን ያድጋል። በሌላ አነጋገር 10 ቶን ሊሸከም የሚገባው አክስል 12 ቶን ቢሸከም ክብደቱ የጨመረው በ20 በመቶ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። 15 ቶን ቢሸከም ጉዳቱ አምስት እጥፍ ይደርሳል። በአንድ ጉዞ ተጨማሪ 50 ኩንታል በመጫን የሚገኘው ገቢ የአንድ ሰው ሲሆን፣ የተሰነጣጠቀውን አስፋልት ለመጠገን የሚወጣው ገንዘብ ግን የሕዝብ ነው። በተቦረቦረው መንገድ ላይ ባሌስትራውና ጎማው የሚሰበርበትም ያው ባለንብረት ነው።

ጠቅላላ ክብደቱ በሕግ ከተፈቀደው ያልበለጠ መኪናም ጭነቱ በትክክል ካልተደለደለ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። ጭነቱ ወደ ፊት ካደላ የጎታቹ የኋላ አክስሎች ከመጠን በላይ ይጫናሉ። ወደ ኋላ ካደላ ደግሞ በኪንግ ፒኑ በኩል በጎታቹ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንስና ጎማዎቹ በዳገትና በእርጥብ መንገድ መያዝ ያቅታቸዋል። ከባድ የሆነ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ለማራገፍ እንዲቀል ተብሎ በተሳቢው የኋላ ጫፍ ሲጫን የሚፈጠረው ችግር ይኸው ነው።

ሦስት አክስልና መንታ ጎማ ያለው ከፊል ተሳቢ 12 ጎማዎች አሉት። በአፋር ቆላ የአየር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ጊዜ በቂ አየር የሌለው ጎማ በመተጣጠፍ ብዛት ይግላል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል ወይም ይቃጠላል። አየር መለካት ያለበት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። በጉዞ ላይ ግፊቱ መጨመሩ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ከጋለ ጎማ አየር ማስተንፈስ ስሕተት ነው፤ ጎማው ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ከሚገባው በታች ይወርዳል።

የአክስል መሸከሚያውም ሁለት ዓይነት ነው። ባሌስትራ ጠንካራና በየትኛውም ጋራዥ የሚጠገን በመሆኑ ለኮረኮንች መንገድ ይመረጣል። በአየር ከረጢት የሚሠራው ደግሞ ለጭነቱም ለመንገዱም ለስላሳ ከመሆኑም በላይ በግፊቱ መጠን የአክስሉን ክብደት ለአሽከርካሪው ሊያሳይ ይችላል። የተሳቢው ራሱ ቀላልነትም ትርፍ ነው። በጠንካራ ብረት ወይም በአሉሚኒየም ተሠርቶ ክብደቱ አንድ ቶን የቀነሰ ተሳቢ የተፈቀደውን ወሰን ሳያልፍ በየጉዞው 10 ኩንታል ጨምሮ መጫን ያስችላል።

ፍሬንና ቁልቁለት

የሀገራችን መልክዓ ምድር ለከባድ ተሽከርካሪ ፍሬን ከባድ ፈተና ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ በአንድ ወገን ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጠቅላላ ክብደቱ 40 ቶን የሆነ ተሽከርካሪ 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ወደ 110 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል፤ ይህም ከ1,000 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ ውስጥ ሞተሩና የአየር ግጭት የማይወስዱት ሁሉ ወደ ፍሬን ታምቡርና ሸራ ይገባል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራውም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፤ አሽከርካሪው ፔዳሉን እስከ ወለል ቢረግጥም መኪናው አይቆምም።

መከላከያው የሚጀምረው ከቁልቁለቱ አናት ላይ ነው። መውረድ ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት፣ በሞተር ፍሬንና ሪታርደር መጠቀም፣ የእግር ፍሬኑን ሳያቋርጡ ከመያዝ ይልቅ ፍጥነትን በአጭር ጊዜ ቀንሶ መልቀቅ ይገባል። ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል በተለምዶ ፎሌ በሚባለው ነጻ ማርሽ መውረድ ሞተሩ የሚሰጠውን የመያዝ ኃይል ሙሉ በሙሉ የሚያሳጣ አደገኛ ልማድ ነው። የሚቆጠበው ነዳጅ ጥቂት ሊትር ነው፤ የሚጠፋው ግን ሕይወት ሊሆን ይችላል።

የከፊል ተሳቢ ፍሬን የሚሠራው በአየር ነው። ከጎታቹ ሁለት ቱቦዎች ይመጣሉ፤ በአውሮፓውያን ሥርዓት ቀዩ አየር የሚያቀርብ፣ ቢጫው ደግሞ የአሽከርካሪውን ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ነው። ሥርዓቱ የተሠራው ጥፋት ቢፈጠር ወደ ደኅንነት እንዲያዘነብል ሆኖ ነው። ቀዩ ቱቦ ቢበጠስ ወይም ተሳቢው ቢለያይ የተሳቢው ፍሬን በራሱ ይይዛል። የማቆሚያው ፍሬንም በጠንካራ ምንጭ የሚያዝና በአየር የሚለቀቅ በመሆኑ አየር ሲያልቅ ተሳቢው ይቆማል። ፍሬን ያዘብኝ በሚል ይህንን ምንጭ በቡሎን አስሮ ከሥራ ውጭ ማድረግ የመጨረሻውን መከላከያ ማስወገድ ነው።

የተሳቢው ፍሬን ደካማ ከሆነ ጎታቹ የራሱን ብቻ ሳይሆን የተሳቢውንም ክብደት ለማቆም ይገደዳል። በእርጥብ መንገድ ላይ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ ጎታቹን እንደ ሰንጢ ሊያጥፈው ይችላል። በአንጻሩ የተሳቢው ጎማዎች ከተቆለፉ ተሳቢው ራሱ ወደ ጎን ተንሸራቶ ተቃራኒውን መስመር ይጠርጋል። ኤቢኤስ የተባለው ቴክኖሎጂ የጎማዎችን መቆለፍ በመከላከል ይህንን አደጋ ይቀንሳል። ኢቢኤስ ደግሞ ትእዛዙን በኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከአየር ይልቅ ፈጣን ነው፤ ከመገልበጥ መከላከያ ጋር ሲጣመርም ተሳቢው በመታጠፊያ ላይ ሲያዘነብል ለይቶ አሽከርካሪው ሳያዝዘው ፍሬን ይይዛል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት የኤሌክትሪክ ገመዱ ሲገናኝ፣ ሸራውና ማስተካከያው ሲጠበቅ ብቻ ነው።

መታየትና ሌሎችን መጠበቅ

በሌሊት በመንገድ ዳር የቆመ ከፊል ተሳቢ መብራትና አንጸባራቂ ከሌለው ከኋላ ለሚመጣ አሽከርካሪ የሚታየው ለማቆም የማይቻልበት ርቀት ላይ ሲደረስ ነው። የወለሉ ከፍታ ከትንሽ መኪና መስታወት ጋር ስለሚገጥም፣ ግጭቱ የሚያርፈው በሞተሩ ሳይሆን በተሳፋሪዎቹ ራስ ላይ ነው። ከኋላና ከጎን የሚገጠሙ መከላከያ ብረቶች ትንሿ መኪና ከተሳቢው ሥር እንዳትገባ ያደርጋሉ። በጎንና በኋላ የሚለጠፉ አንጸባራቂ ፕላስተሮችም ዋጋቸው አነስተኛ ሆኖ ጥቅማቸው ከፍተኛ ነው። በብልሽት የቆመ መኪናን በድንጋይና በቅጠል ማመልከት የተለመደ ቢሆንም፣ ድንጋዩ ሳይነሣ መሄድ ለሌላው መንገደኛ የሞት ወጥመድ መተው ነው። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን መያዝና መጠቀም ይገባል።

ቦቴ ሲገለበጥ ደግሞ ሕዝቡም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኬንያ ሳቻንግዋን፣ በ2019 ደግሞ በታንዛኒያ ሞሮጎሮ የተገለበጡ ቦቴዎች ያፈሰሱትን ነዳጅ ለመቅዳት የተሰበሰቡ ሰዎች እሳት ተነሥቶ በእያንዳንዱ አደጋ ወደ 100 የሚጠጉ ወይም ከዚያ በላይ ሕይወት ጠፍቷል። የተገለበጠ ቦቴ ሲታይ መራቅ፣ ሌላውንም ማራቅ፣ ሲጋራና ክብሪት አለመለኮስ፣ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ሠራተኞች መንገድ መልቀቅ ከሁሉም ዜጋ የሚጠበቅ ነው።

ከመነሣት በፊት ሊደረጉ የሚገባቸው ምርመራዎች

አሽከርካሪውና ረዳቱ በእያንዳንዱ ጉዞ መነሻ ላይ የሚከተሉትን ቢያረጋግጡ ብዙ አደጋዎችን ማስቀረት ይቻላል።

1. ኪንግ ፒኑ በመንጋጋው ውስጥ መቆለፉ፣ ክፍተት አለመኖሩና መደገፊያ እግሮቹ ሙሉ በሙሉ መነሣታቸው፤
2. የአየር ቱቦዎችና የኤሌክትሪክ ገመዱ በትክክል መገናኘታቸው፣ የአየር መፍሰስ ድምፅ አለመኖሩ፤
3. የሁሉም ጎማዎች አየር፣ የውስጠኞቹን ጨምሮ፣ መለካቱ፤ የቸርኬ ቡሎኖች አለመላላታቸው፤
4. ባሌስትራው አለመሰበሩ፣ ሻንሲው አለመሰንጠቁ፤
5. የኮንቴይነር ቁልፎች መዞራቸው ወይም የጭነት ማሰሪያዎች መጥበቃቸው፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላም እንደገና መታየታቸው፤
6. የኋላና የጎን መብራቶች እንዲሁም አንጸባራቂዎች ንጹሕ ሆነው መሥራታቸው፤
7. ከተንቀሳቀሱ በኋላ በዝቅተኛ ፍጥነት የፍሬን ሙከራ መደረጉ።

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የተመለከተው የቴክኒክ ምርመራ የሚሰጠው ዋስትና ተሽከርካሪው በምርመራው ዕለት ስላለበት ሁኔታ ነው። ከዚያ ዕለት በኋላ ባሉት ቀናት ሁሉ ኃላፊነቱ የባለንብረቱና የአሽከርካሪው ይሆናል። ጎታቹን በየጊዜው እያደሱ ተሳቢውን ግን እስኪሰበር መጠበቅ ወጪን የሚያስቀር ቢመስልም፣ አንድ የፍሬን ሸራ በወቅቱ አለመቀየር የሚያስከትለው ኪሳራ ከጠቅላላ ጭነቱ ዋጋ ሊበልጥ እንደሚችል ሊታሰብ ይገባል።

አስጫኞችም ቢሆኑ ከኃላፊነት ነጻ አይደሉም። አሽከርካሪው ከመጠን በላይ እንዲጭን ማስገደድ፣ የኮንቴይነሩን ትክክለኛ ክብደት መደበቅ ወይም ዕረፍት በማይሰጥ የጊዜ ገደብ ማስነሣት አደጋውን ከመጋዘን በር ጀምሮ ማዘጋጀት ነው። ለጭነቱ ተስማሚ የሆነውን ተሳቢ የመረጠ፣ በትክክል ያስጫነና ፍሬኑን የጠበቀ ባለንብረት የራሱን ሀብት ያተርፋል፤ የሕዝብን መንገድ ያቆያል፤ ከሁሉም በላይ አሽከርካሪው ከቁልቁለቱ ማዶ በሰላም ወደ ቤተሰቡ እንዲመለስ ያደርጋል።